ክራባት ያሰረው ሥጋ ቆራጭ

ሮዴሊዮ መጠራቱን የነገረኝ የማቀዝቀዣው ክፍል በር ላይ ቆሞ ነው። በአንድ እጁ የአሳማ ታፋ፣ በሌላው ስልኩን ይዟል። ዐቢይ ጾም ከገባ ሁለተኛ ቀኑ ነበር።

«ማናንግ ዳርካ» አለኝ። በእነሱ አገር፣ በፊሊፒንስ፣ ታላቅ እህት ማናንግ ትባላለች፤ ከመጣ ጀምሮ በሌላ ስም ጠርቶኝ አያውቅም። «ማናንግ ዳርካ፣ ጠሩኝ!»

«ማን ጠራህ?»

«መንግሥት!»

ታፋውን ሳያስቀምጥ አቀፈኝ። ሽርጤ ላይ የተወው የስብ ምልክት ቀኑን ሙሉ አልለቀቀም፤ እኔም ለማስለቀቅ አልቸኮልኩም።

በሜትሮ ሆሎቫች ሉካንዳ ባንኮኒ ላይ መቆም ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ብዙ አልተማርኩም። ሰው ግን ቋሊማው እስኪመዘንለት ድረስ ያወራል፣ እኔም እሰማለሁ፤ ያልገባኝን ደግሞ ቤቴ ገብቼ አነባለሁ። ስለ ኢሚግሬሽን የማውቀውን ሁሉ ያወቅኩት እንደዚህ ነው። እዚህ ካናዳ ሠርቶ መኖር የሚፈልግ ሰው ነጥብ ይሰጠዋል፤ ለዕድሜው፣ ለትምህርቱ፣ ለእንግሊዝኛው፣ ለሥራ ልምዱ። ከዚያ ከብዙ ሺህ ሰው ጋር ይሰለፋል። ተሰለፈ ልበል እንጂ፣ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ አይጠራም፤ የሚጠራው ነጥቡ የበዛለት ነው። ሮዴሊዮ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ዲግሪ የለውም፤ በነጥብ ብቻ ቢሆን ፂሙ እስኪሸብት ማንም አይጠራውም ነበር። ደግነቱ ካናዳ ሰው ያጣችባቸው ሙያዎች ዝርዝር አለ። ነርስ፣ አናጢ፣ በያጅ የመሳሰሉት። ሙያው እዚያ ላይ ያለ ሰው ነጥቡ ቢያንስም ለብቻው ተለይቶ ይጠራል። በዚያ ዓመት ዝርዝሩ ላይ «ሥጋ ቆራጭ» የሚልም ነበረበት።

የሮዴሊዮ ሚስት ጄርሊንና ልጁ ሮሸል ፊሊፒንስ ውስጥ ኢሎኢሎ ናቸው። ትቷቸው ሲመጣ ልጅቷ አራት ዓመቷ ነበር፤ አሁን ሰባት ሞልቷታል። ማመልከቻው ከተሳካ ሦስቱም አብረው ቋሚ ነዋሪ ይሆናሉ። ወረቀቱን ሁሉ አሟልቶ ለመላክ የተሰጠው ጊዜ ስልሳ ቀን ነው። ከወረቀቶቹ ዋናው የአሠሪው ደብዳቤ ነው፤ ሮዴሊዮ ሥራው ምን እንደሆነ፣ በየቀኑ ምን ምን እንደሚሠራ የሚናገር።

«እሱን ለኔ ተወው» አለ ሜትሮ። «እንዲህ ያለ ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ፣ ሚኒስትሩ ራሱ ተነሥቶ ነው የሚያነበው።»

ሜትሮ የሉካንዳው ባለቤት ነው፤ ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ቁመቱ የበር መቃን ይነካል፣ ድምፁ ከመንገድ ማዶ ይሰማል። ሮዴሊዮ ከመምጣቱ በፊት አሥራ አራት ወር ሥጋ ቆራጭ አጥተን ሱቁን ልንዘጋው ጥቂት ቀርቶን ነበር። ስለዚህ ሜትሮ ሮዴሊዮን ይወደዋል፤ መከራው ሁሉ የመጣውም ከዚህ ፍቅር ነው።

ሦስት ቀን ቢሮው በሩን ዘግቶ ጻፈ። በአራተኛው ቀን መነጽሩን አድርጎ ወጣና ባንኮኒው ላይ ተደግፎ አነበበልን።

«‹ለሚመለከተው ሁሉ። ሮዴሊዮ ማግባኑዋ የሆሎቫች ሉካንዳ ዋና ሥራ አስኪያጅ ነው። ሠራተኞችን ይመራል፤ የድርጅቱን ዕቅድ ያወጣል...›»

«ሠራተኞችን?» አልኩት። «የትኞቹን?»

«አንቺን።»

«እኔን የሚመራኝ ገና አልተወለደም።»

«ዝም በይና ስሚ፣ ገና ነው!» ብሎ ቀጠለ። ደብዳቤው ሁለት ገጽ ነው። በሁለት ገጽ ውስጥ ቢላዋ የሚል ቃል የለም፤ ሥጋን የሚያስታውሰው ‹ሉካንዳ› የሚለው የሱቁ ስም ብቻ ነው።

ሮዴሊዮ ፈገግ ብሎ ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀበለ። «በጣም አመሰግናለሁ ቦስ» አለ፤ አንገቱ ግን እስከ ጆሮው ቀልቶ ነበር።

ሱቁን ስንዘጋ የቋሊማ መፍጫውን እያጠበ አገኘሁት። አንዱን ቁራጭ አራት ጊዜ አጥቦታል።

«ምንድነው?» አልኩት።

«ምንም።»

ጨርቄን እየጨመቅኩ ቆየሁ። ሰው ሳይጠየቅ የሚናገረው፣ አጠገቡ የማይቸኩል ሰው ሲቆም ነው።

«ማናንግ፣ የተጠራሁት እኮ ሥጋ ቆራጭ ነህ ተብዬ ነው» አለኝ በመጨረሻ። «የሱቅ ሥራ አስኪያጅ ዝርዝሩ ላይ የለም። ይህን ደብዳቤ ብልክ ‹ሥራ አስኪያጅ ሆነህ በሥጋ ቆራጭ ስም ምን ልታደርግ መጣህ?› ብለው ይመልሱኛል። አበቃ።»

«እና ንገረዋ!»

«ምን ብዬ? ሽማግሌ ሰው ሦስት ቀን ተጨንቆ፣ ደስ ብሎት የሰጠኝን ክብር ፊቱ ላይ ልወርውርለት? እኛ ጋ እንዲህ አይደረግም።»

«ልጅህን ማጣትስ እናንተ ጋ ይደረጋል?»

ያንኑ ቁራጭ ለአምስተኛ ጊዜ አጠበው።

በሳምንቱ ድፍረት አገኘና «ቦስ፣ ደብዳቤውን ትንሽ ቢያሳጥሩልኝ» ብሎ ጠየቀ። ሜትሮ ትሕትና መሰለው። ወስዶ አንድ ገጽ ጨመረበት። በአዲሱ ደብዳቤ ሮዴሊዮ ምክትል ዳይሬክተር ሆነ። ድርጅታችን ዳይሬክተር እንዳለው የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ጾሙ እንዲህ እያለ ሄደ። ሮዴሊዮ የፖሊስ ወረቀቱን አስመጣ፣ የሕክምና ምርመራውን ጨረሰ፣ ፎቶ ተነሣ፣ ሁሉንም በአንድ ሰማያዊ ማኅደር ሰበሰበ። የደብዳቤው ቦታ ባዶ ነው። በሆሳዕና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወንበሬ ላይ ቀረሁ። ብዙ አልጸለይኩም፤ አፍ ስጠኝ ብቻ አልኩ። አፍ ግን ነበረኝ፤ የጎደለኝ፣ ያልለመንኩትም፣ ማስተዋል ኖሯል።

ሰኞ ጠዋት ሜትሮ ቢሮ ገባሁና አንድም ሳላስቀር ነገርኩት።

«መንግሥት ሥራ አስኪያጅ አይፈልግም?» አለኝ ዓይኑን አፍጥጦ። «ሥራ አስኪያጅ የማይፈልግ አገር የት አለ?»

«ሥራ አስኪያጅማ ሞልቷል ሜትሮ። የጠፋው ቢላዋ የሚይዝ ነው።»

«አልጽፍም።»

«ለምን?»

ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞረ። ድምፁ ዝቅ ሲል የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። «አባቴ ኢልኮ እድሜውን ሙሉ ሥጋ ቆራጭ ነበር። ትምህርት ቤት ስገባ ልጆቹ አፍንጫቸውን ይይዙ ነበር፤ ‹ደም ደም ሸተተን› እያሉ። የሞት ወረቀቱ ላይ ሙያ በሚለው ቦታ ሥጋ ቆራጭ ብለው ጻፉበት። እኔ ያንን ልጅ እንደ ልጄ ነው የማየው ዳርካ። በገዛ እጄ፣ ለመንግሥት፣ ሥጋ ቆራጭ ነው ብዬ አልጽፍበትም።»

አዘንኩለት። ደብዳቤው ግን ደብዳቤ ነው። «ያልሆነውን ነው ብለህ ፈርመሃል» አልኩት። «ሐሰት ነው። ያውም በሰሙነ ሕማማት።»

ይህ ነካው። ሜትሮ ጉረኛ ነው እንጂ እግዚአብሔርን ይፈራል። አገጩን አሸ።

«ልክ ነሽ» አለ። «ሐሰት አልፈርምም።»

እየዘመርኩ ወጣሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ስገባ ሮዴሊዮ በሩ አጠገብ ቆሟል። ሽርጥ የለም። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ የሜትሮን ቀይ ክራባት አስሯል፤ ክራባቱ የረጅም ሰው ስለሆነ ከቀበቶው በታች ይወዛወዛል። ደረቱ ላይ «ሥራ አስኪያጅ» የሚል ሰሌዳ ተለጥፎበታል። ሜትሮ ደግሞ ሽርጥ አድርጎ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ይታገላል።

«ይኸው!» አለኝ ቢላዋውን እያወዛወዘ። «አሁን እውነት ሆነ! እውነት ይሁን አላልሽም?»

ሮዴሊዮ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣ «ማናንግ፣ ምን አድርገሽ ነው?» አለኝ።

«እውነቱን ተናገርኩ።»

«በእናትሽ ሁለተኛ እንዳትናገሪ። የሥራ ፈቃዴ ላይ እኮ ሥጋ ቆራጭ ነው የሚለው። በሌላ ሥራ መሥራት አልችልም። ይህ ያሰርኩት ክራባት ሕገወጥ ነው።»

መሳቅ አልነበረብኝም፤ ግን ሳቅኩ። እሱም ትንሽ ሳቀ፤ ከዚያ ተወው።

ለምሳ ወደ ኋላው ክፍል ሲገባ ጄርሊን በቪዲዮ ደወለች፤ የኋላው ክፍል ጠባብ ስለሆነ ፊቷም ድምፅዋም እኔ ጋ ይደርሳል። እኔ ስላለሁ በእንግሊዝኛ ነው የምታወራው፤ እንዲህ ያለ ጨዋነት አላት። እንዳየችው ደነገጠች።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ሥራ አስኪያጅ ሆኜ ነው።»

«ታዲያ ፊትህ ለምን ቀብር ይመስላል?»

ነገራት። ስትሰማው ቆየችና፣ «ዴልዮ፣» አለችው፣ «ሮሸል የወለቀው ጥርሷ ተመልሶ በቅሏል። ሲወልቅም ሲበቅልም ያየኸው በዚህ ስልክ ነው። አንተ ለሽማግሌው አፍረህ ዝም በል። እኔ ለልጅህ ምን ልበላት? ‹አባትሽ ሰውዬውን እንዳያስከፋ ብሎ ነው› ልበላት?»

እኔ ቋሊማ እየቆጠርኩ ያልሰማሁ መሰልኩ። ማንም አላመነኝም።

ረቡዕም ሐሙስም እንደዚያው ሆነ። ስቅለት ዕለት ዝግ ነን። ቅዳም ሹር ደረሰ።

በከተማችን ቅዳም ሹር ማለት ቅርጫት ነው። ከሰዓት ዘጠኝ ላይ ሁሉም የፋሲካውን ዳቦ፣ እንቁላሉን፣ ቅቤውን፣ የታጨሰ የአሳማ ሥጋውንና ቋሊማውን በቅርጫት አድርጎ ቤተ ክርስቲያን ይዞ ይቀርባል፤ ቄሱ አባታችን ይባርኩታል። ቅርጫቱ ውስጥ የሚገባውን ሥጋ ደግሞ ሁሉም ከእኛ ነው የሚወስደው። በአራት ሰዓት ሰልፉ ከበሩ ወጥቶ ፖስታ ቤቱን አልፏል። ሮዴሊዮ በሩ ላይ ቆሞ «እንኳን ደህና መጡ» ይላል። ሜትሮ ይቆርጣል። ቆረጠ ከተባለ ማለቴ ነው። የእጁን አንጓ ሪህ ይዞታል፤ ቢላዋው ከአጥንቱ ጋር ሲጣላ ከውጭ ይሰማል። ሰባት ሰዓት ሲሆን ሰልፉ እንደነበረ ነው።

የፓራስካ ተራ ደረሰ። ፓራስካ ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው፤ ሁላችንም ባባ እንላታለን፣ አያት እንደማለት ነው። ሜትሮ የሰጣትን ሥጋ ከወረቀቱ አውጥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣችው።

«ሜትሮ፣ መጥረቢያ ነው የያዝከው?»

«ባባ ፓራስካ፣ ቅሬታ ካለዎት ሥራ አስኪያጃችን እዚያ በሩ ላይ...»

«ሥራ አስኪያጅ ቅርጫት ውስጥ አይገባም! ሥጋ ቆራጩ የት አለ?»

ሰልፉ ሳቀ። ከኋላ አንዱ «ሥጋ ቆራጩን!» ብሎ ጮኸ፤ ሌላውም ተቀበለው። ሜትሮ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ተናዶ ትልቁን ሙሉ ታፋ ከመንጠቆው ሲያወርድ አመለጠውና ወለሉ ላይ ዱብ አለ። የታጨሰ፣ የፋሲካ ታፋ።

ሮዴሊዮ ከበሩ መጣ። ባንኮኒውን ዞሮ ገባ፤ ታፋውን አነሣና ወደ ጎን አስቀመጠው። እጁን ታጠበ። ከዚያ እጁን ዘረጋ።

«ቢላዋውን ይስጡኝ ቦስ።»

«አንተ ሥራ አስኪያጅ ነህ።»

«አይደለሁም ቦስ።» እጁን እንደዘረጋ ነው። «አባቴ ኢሎኢሎ ገበያ አሳማ ቆራጭ ነበር። አያቴም እንደዚያው። ብልት ማውጣት የተማርኩት ፊደል ሳልጨርስ ነው። ይህ መንግሥት ከዚያ ሁሉ ሺህ ሰው መካከል ለይቶ የጠራኝ በዚህ እጅ ነው እንጂ በክራባት አይደለም። እርስዎ ሰው እንዳይንቀኝ ብለው ደበቁልኝ። እኔ ግን አላፈርኩበትም። ያፈሩበት እርስዎ ነዎት። ይቅርታ ቦስ። ሚስቴንና ልጄን እፈልጋለሁ።»

ሜትሮ ሲሰደብ አይወድም፤ ይህ ስድብ አልነበረም፣ ግን ሰዉ ሁሉ እያየው ነው።

«ሜትሮ» አለች ባባ ፓራስካ፣ ቅርጫቷን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ። አሁን አልጮኸችም። «የኢልኮ ሥጋ ሳይገባበት የተባረከ ቅርጫት እዚህ ከተማ አልነበረም። እናቴ ከሌሊት ጀምራ ነበር የምትሰለፍለት። አፍንጫቸውን የያዙትን ልጆች ታስታውሳለህ፤ የተሰለፍነውን ግን ረሳኸን።»

ሜትሮ ፓራስካን አያት፤ ከዚያ ሰልፉን እስከ በሩ ድረስ አየው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ይመስል። ቢላዋውን ገለበጠና እጀታውን ወደ ሮዴሊዮ አዞረ።

«በል ቁረጥ» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ወረቀት!» ብሎ ጮኸ፤ ድምፁ ተመልሷል።

ያገኘሁት የሥጋ መጠቅለያውን ጥቅል ብቻ ነው። ቀድጄ ሰጠሁት። ባንኮኒው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እስክሪብቶውን ላሰ።

«‹ሮዴሊዮ ማግባኑዋ በሆሎቫች ሉካንዳ ሥጋ ቆራጭ ነው።›» ጮክ ብሎ ነው የሚጽፈው። «እሺ፣ ምን ምን ይሠራል? ዝርዝሩን ይፈልጋሉ። ዳርካ?»

እኔ ሳልመልስ ሰልፉ ጀመረ።

«ጎድን ይነጥላል ብለህ ጻፍ!»

«ከአጥንት ይለያል!»

«ቋሊማ ይሞላል! ነጭ ሽንኩርቱን ግን ይቀንስ በለው!»

«ነጭ ሽንኩርቱን አልጽፍም» አለ ሜትሮ።

«ያጨሳል። ይመዝናል። ቢላዋ ይስላል።»

«ፈገግ ይላል» አለች አንዲት ሴት።

«እሱ ሙያ አይደለም።»

«እስቲ አንተ ሞክረው!»

ሮዴሊዮ አንገቱን አላነሣም። ቢላዋው እጁ ላይ ሲሄድ ድምፅ የለውም፤ ሽንጡ ከአጥንቱ የሚለያየው ራሱ ፈልጎ ይመስላል። በየመሐሉ ግን ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ ከኋላው መለየት አልቻልኩም፣ ዞሬም አላየሁም። ሰልፉ በአንድ ሰዓት ተኩል አለቀ። ቡራኬው ሩብ ሰዓት ዘግይቶ ተጀመረ፤ ምክንያቱን አባታችን አልጠየቁም።

ሜትሮ ደብዳቤውን እሑድ ማታ በንጹሕ ወረቀት ገልብጦ፣ ሰኞ ፈርሞ ማኅተም አደረገበት። ከሦስት ገጽ አንድ ገጽ ሆነ። ሮዴሊዮ አነበበው። ደግሞ አነበበው። ከዚያ ላከው፤ ከስልሳው ቀን አሥራ ሁለቱ ሲቀሩ።

የቀረው መጠበቅ ነበር፤ እኔ ለመጠበቅ ጎበዝ ነኝ፣ እሱ አይደለም። በጋውን ሙሉ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ቢላዋውን ያስቀምጣል። ቅጠል ሲረግፍ አንድ ጥያቄ መጣለት፤ ሥራህን የሚያሳይ ተጨማሪ ነገር አለህ ወይ የሚል። ሜትሮ ያንን የመጠቅለያ ወረቀት፣ የስብ ጠብታው ሳይቀር፣ ልላክላቸው ብሎ ተነሣ። በግድ ከለከልነውና የደመወዝ ወረቀቱን ላክን። መልሱ የመጣው የመጀመሪያው በረዶ በጣለበት ሳምንት ነው። ሮዴሊዮ አነበበው፣ ማቀዝቀዣው ክፍል ገባ፣ በሩን ዘጋ። እስኪወጣ ጠበቅን። ሲወጣ ሽፋሽፍቱ ላይ ውርጭ ነበረበት።

ጄርሊንና ሮሸል በጥር ደረሱ። ሮዴሊዮ ሱቁን የሚተውለት ሌላ ቆራጭ ስላልነበረ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ያመጣቸው ሜትሮ ነው፤ መንገዱን ሙሉ እሱ ብቻ እንዳወራ ጄርሊን ኋላ ነግራኛለች። ሮዴሊዮ ሥራ ቦታዬን አሳያችኋለሁ ስላላቸው ቀጥታ ወደ ሉካንዳው ገቡ። እናትና ልጅ ኮት ላይ ኮት ደርበው፣ ከዓይናቸው በቀር ምንም አይታይም።

የከተማው ሕፃናት መዋያ ኃላፊ ቴክላ ከጠዋት ጀምሮ ምንም ሳትገዛ ባንኮኒዬ አጠገብ ቆማ ነበር። ጄርሊን ገና የበረዶ ጫማዋን ሳትጠርግ ቀረበቻት።

«ትንንሽ ልጆች ታስተምሪ ነበር ሲሉ ሰምቼ ነው። እውነት ነው?»

«አሥራ አንድ ዓመት» አለች ጄርሊን ግራ ተጋብታ።

«ሃያ ስምንት ልጅ ወረፋ ይጠብቃል፣ የሚይዛቸው የለም። ሰኞ መጀመር ትችያለሽ?»

«ኮቷን ታውልቅ እንጂ ቴክላ!» አልኩ።

ጄርሊን ወደ ባሏ ዞረች። «እዚህ አገር ሰው የሚቀበሉት እንዲህ ነው?»

«ሙያሽ ዝርዝሩ ላይ ካለ፣ አዎ» አለ ሮዴሊዮ።

ሮሸል ግን ማንንም አልሰማችም። ባንኮኒውን ዞራ ገባች፤ ደንበኛ የማይገባበት ቦታ ነው፣ ማንም አላቆማትም። አባቷ ፊት ቆመች፣ ሻርቧን ከአፏ አወረደችና ወደ ላይ አንጋጣ አየችው፤ በስልክ ላይ ከነበረው ሰውዬ ጋር እያስተያየች መሰለኝ። እሱ ሁለት እጁ ሥጋ ነክቶ ስለነበር ወደ ጎን ዘርግቶ እንደ መስቀል ቆመ፤ እንዳያቆሽሻት ፈርቶ።

«አባዬ» አለችው፣ «አጭር ነህ እንዴ?»

ከሱቁ ሁሉ የሜትሮ ሳቅ ቀደመ። ሮዴሊዮ ተንበረከከ፤ እጁን ሳይታጠብ።